መልስ፦ የጉዞ ጥናቱን ፋይሎች ሳገናኝ ሰዉ ለምን በዛ?

አብሽር ወንድሜ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። ለመመረቂያ ጽሑፍህ መለማመጃ ብለህ ያወረድከው የ2017ቱ የአሜሪካ ብሔራዊ የቤተሰብ ጉዞ ጥናት አራት ፋይል አለው፦ ቤተሰብ፣ ሰው፣ ተሽከርካሪና ጉዞ። በቤተሰቡ ፋይል አንድ ረድፍ አንድ ቤት ነው። በጉዞው ፋይል ግን አንድ ረድፍ የአንድ ሰው አንድ ጉዞ ነው። በቀን አራቴ የተጓዘ ሰው አራት ረድፍ ይይዛል። ሰውህ የበዛው ለዚህ ነው። ስታገናኝም የቤተሰቡ መለያ ብቻውን አይበቃም፤ የሰውየውን ቁጥር ጨምርበት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። አባትና ልጅ በአንድ መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ወረዱ እንበል። በዚህ ጥናት አሠራር ሁለት ጉዞ ይመዘገባል። መኪናው የሄደበትን ርቀት የምትደምር ከሆነ የሹፌሩን ረድፍ ብቻ ውሰድ። አለዚያ መንገዱ እጥፍ ይሆንብሃል። ርቀቱ ደግሞ በማይል ነው።

በፋይሎቹ ውስጥ የምታያቸው እንደ -1፣ -7 እና -8 ያሉት ቁጥሮች መልስ አይደሉም። -1 ጥያቄው አይመለከተውም፣ -7 መመለስ አልፈለገም፣ -8 አላውቅም አለ ማለት ነው። አማካይ ከማውጣትህ በፊት አስወጣቸው።

ክብደቱን፣ ማለትም አንዱ ረድፍ ስንት ሰው ወይም ስንት ጉዞ እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንዳትዘለው። ለሰው የሰውን፣ ለጉዞ የጉዞውን ተጠቀም። የጉዞው ክብደት የሚሰጥህ የዓመት ድምር ስለሆነ የአንድ ቀን ከፈለግህ ለ365 አካፍለው።

ሰዓቱም ግራ እንዳያጋባህ፤ የጥናቱ ቀን የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አምሽቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የገባ ሰው ጉዞው ለቀደመው ቀን ይቆጠራል።