ያቋረጥኳት ሴት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ወጣት በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። የሴቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ማስተባበር ጀምራለች። «እትዬ፣ አንዷ ሁልጊዜ ከምንባቡ እየወጣች ስለ ራሷ ሕይወት ታወራለች። ሳላስቀይማት እንዴት ነው የማስቆማት?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ መልስ መስጠት አቃተኝ። «እጽፍልሻለሁ» ብያት ሄድኩ። ይኸው ጻፍኩ። ለአንቺም፣ እንዳንቺ ቡድን ለያዛችሁ ልጆቼም ነው።

መምህርት ነበርኩ። 34 ዓመት በደወል ገብቼ በደወል ወጥቻለሁ። የቁምስናችንን፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ የሴቶች ቡድን እንድመራ ስጠየቅም ያንኑ ልማድ ይዤ ገባሁ። ጥያቄዎቹን በወረቀት አዘጋጃለሁ፣ አባዛለሁ፣ ለእያንዳንዱ ደቂቃ እመድባለሁ። በሰዓቱ ጀምረን በሰዓቱ እንጨርሳለን። በዚህ እኮራ ነበር።

የዚያን ቀን ምንባባችን ማርቆስ ምዕራፍ 5 ነበር፤ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት። ስምንት ሆነን ክብ ሠርተን ተቀምጠናል። ከፊት ለፊቴ ያለችው ዝምተኛ ናት። ለወራት ስትመጣ፣ ተራዋ ሲደርስ ስታነብ እንጂ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ያን ቀን የመጽሐፍ ቅዱሷን ቀይ ሪባን ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ትፈታዋለች። እንደገና ትጠመጥመዋለች፣ የጣቷ ጫፍ ደም አጥቶ እስኪነጣ ድረስ። ከዚያ «እኔም...» አለች። ዝም አለች። «እኔም ለብዙ ዓመት...»

ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየሁ። 10 ደቂቃ ቀርቶናል፣ ሁለት ጥያቄ ገና አልተነካም። «ይቅርታ እህቴ፣ ሰዓቱ እየሄደብን ነው፤ ወደ ምንባቡ እንመለስ» አልኳት። በትሕትና ነው ያልኩት፤ ክፉ ቃል አልወጣኝም። «ምንም አይደል» አለች። ሪባኑን ከጣቷ ፈታች፣ ገጹ ላይ አስተካክላ አስተኛችው፣ መጽሐፉን ዘጋችው።

ወረቀቴ ላይ የቀጠለው ጥያቄ በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ኢየሱስ ሴቲቱ በሕዝብ ፊት እንድትናገር ለምን ፈለገ?» ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሁለት ሴቶች ጥሩ ጥሩ መልስ ሰጡ። በሰዓቱ ጨረስን።

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። አሟት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ተገናኘን። ፈገግ አለች፣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ደህና ነሽ?» አልኳት። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። የዚያን ቀን ምን ልትነግሪን ነበር ብዬ ልጠይቃት ስችል አልጠየቅኋትም። ያኔ ሁለተኛ ጊዜ ነው ያቋረጥኳት። ኋላ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ልትናገር የነበረውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያንን ምዕራፍ አሁን ሳነበው የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው። ኢየሱስ መንገድ ላይ ነበር። የምኩራቡ አለቃ ኢያኢሮስ ልጁ ልትሞትበት ስለሆነ ለምኖ እየወሰደው ነው። ልጅቷም 12 ዓመቷ ነው። ከዚያ የሚብስ ችኮላ አለ? እርሱ ግን ቆመ። «ልብሴን የዳሰሰ ማን ነው?» አለ። ሴቲቱ እየተንቀጠቀጠች መጣች፣ «እውነቱንም ሁሉ ነገረችው» ይላል። ሁሉን! የ12 ዓመት ስቃይ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እርሱ ግን አላቋረጣትም። «ልጄ ሆይ» ብሎ ነው የመለሰላት። ገና ይህን ሲናገር የልጅቷ መርዶ ደረሰ።

ስለ ጥናት ቡድን ሳስብ ሁሌ ማርሴላ ትዝ ትለኛለች። በ4ኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ቤቷን ለሴቶች የከፈተች መበለት ናት። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ቅዱስ ጄሮም በ382 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሮም ሲመጣ በጥያቄ እንዳጨናነቀችው ራሱ ጽፏል። እርሱ ከሄደ በኋላ በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ክርክር ሲነሳ ሰዎች ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። ጓደኛዋ ፓውላ ደግሞ መዝሙረ ዳዊትን በዕብራይስጥ ለመዘመር ብላ ቋንቋውን ተማረች። ሴቶች ተሰብስበው ማጥናታቸው አዲስ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ያዙ። ጄሮም ቅዱሳት መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው ያለውን የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ በ1965፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ ጠቅሶታል። እዚያው ላይ ንባብ ከጸሎት ጋር ይሁን ይላል። ይህቺን ነው እኔ የዘለልኳት።

በ12ኛው መቶ ዘመን ጉዊጎ የሚባል መነኩሴ መንፈሳዊ ንባብን በአራት ደረጃ አስቀምጦታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በእግዚአብሔር ፊት በዝምታ መቆየት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንደ ክፍል ትምህርት አስተማርኩ፤ የቀሩትን ሁለቱን በመዝጊያ ጸሎት አሳጠርኳቸው።

እናንተ ደግሞ በሌላ መንገድ ትቸኩላላችሁ። ጥያቄ ሲነሳ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ሦስት ማብራሪያ ታገኛላችሁ። ሁለት ደቂቃ ዝም ስንል ግን ያቁነጠንጣችኋል። ይህን ስል እኛ ያልደፈርነውን እንደምትጠይቁ አይቻለሁ፤ በጣም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ምንባቡ ሁለት ጊዜ ይነበብ፣ በመካከሉ ዝምታ ይሁን። ጥያቄ ከሦስት አይብለጥ። አንዷ ስትናገር የምክር መዓት አታዝንቡባት። ክፍሉ ውስጥ የተባለው እዚያው ይቅር። የእሑዱን ወንጌል ቀድማችሁ ካነበባችሁ ደግሞ ቅዳሴው ላይ ቃሉ እንደሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው የሚሰማችሁ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

ግን ልጄ፣ ያንቺዋ ሁልጊዜ የምታወራ ናት። የእኔዋ የጀመረችው አንዴ ብቻ ነው። ልዩነቱ ይገባኛል። በየሳምንቱ አንዷ ሰዓቱን ሁሉ ከወሰደች ሌሎቹ ዝምተኞች መቼ አፋቸውን ይከፍታሉ? እኔ እንኳን ዛሬም በሰዓቱ መጨረስ እወዳለሁ፤ ቤት ልጅ የሚጠብቃት አለች። ለብቻዋ ወስደሽ አናግሪያት። ስታናግሪያት ግን ምናልባት አንድም ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቷት የማያውቅ እንዳይሆን አስቢ። እኔ እንዴት እንደምታስቆሚያት በደንብ ልነግርሽ አልችልም።

ሐሙስ ማርቆስ 5 ላይ እንደምትደርሱ ነግረሽኛል። ፈቃድሽ ከሆነ እመጣለሁ። ወረቀት አልይዝም። ሰዓቱ ከማይታየኝ ወንበር ላይ አስቀምጪኝ።