ጥያቄና መልስ፦ የራም ቮልቴጅ መጨመር ለምን አላረጋጋውም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒውተር ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም አለው። ፍጥነቱን ከ3200 ወደ 3600 ካሳደግኩት ወዲህ ሌሊቱን ያለ ችግር ሲሠራ አድሮ፣ ከሰዓት በኋላ በሰማያዊ ስክሪን ይዘጋል። ቮልቴጁን ከ1.35 ወደ 1.45 ባሳድገው ጭራሽ ባሰበት። ሐረር ያለው ጓደኛዬ ግን በዚሁ ቅንብር በሰላም ይሠራል። አሁንም ልጨምር?

መልስ፦ እባክዎ አይጨምሩ። ሌሊት ሰላም አድሮ ቀን የሚዘጋ ኮምፒውተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጠረጥረው ሙቀትን ነው። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ጓደኛዎ የሚሠራበት ክፍል ከእርስዎ ክፍል በብዙ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ አያስገርምም።

የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ሲሆን፣ ኤክስኤምፒ በሚባለው የአምራቹ ዝግጁ ቅንብር ብዙውን ጊዜ 1.35 ይደርሳል። በራም ውስጥ እያንዳንዱ ቢት የሚቀመጠው ካፓሲተር በሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች በተያዘ ቻርጅ መልክ ነው፤ ይህ ቻርጅ ያለማቋረጥ ስለሚያፈስ፣ መረጃው ሳይጠፋ በየ64 ሚሊሴኮንዱ መታደስ አለበት። ቺፑ ሲሞቅ ቻርጁ ቶሎ ያፈሳል፤ ቮልቴጅ መጨመር ደግሞ ፍጥነቱን ለመሸከም ቢያግዝም ያንኑ ቺፕ ይበልጥ ያሞቀዋል። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ቲሬፊ የተባለውን የማደሻ ጊዜ ልዩነት አራዝመው ከሆነ ችግሩ ስለሚብስ ወደ ነበረበት ይመልሱት። ሁሉም ቺፕ ከፍ ያለ ቮልቴጅ አይወድም፤ ቢ-ዳይ የተባለው የሳምሰንግ ራም ቺፕ 1.45ን በደንብ ሲሸከም፣ በዚያው ቮልቴጅ ስህተት የሚያበዙ ቺፖችም አሉ።

በመጀመሪያ ወደ 3200 እና 1.35 ይመለሱና የደንበኞችዎን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ይህን አጥብቀን የምናሳስበው፣ የራም ስህተት ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ ፋይልን በዝምታ ሊያበላሽ ስለሚችል ነው፤ የሠርግ ቀረጻ ደግሞ ዳግም አይገኝም። ቀጥሎ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሥተው አራቱንም ዙር ያስጨርሱ። ሙከራውን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምሩ እንጂ ማታ አይሁን። አንዲት ስህተት እንኳ ብትታይ ቅንብሩ አልረጋም ማለት ነው። ይህ ፕሮግራም ግን ግራፊክስ ካርዱን ስለማያሠራ፣ ከካርዱ ወደ ራሙ የሚወጣው ሙቀት በሙከራው አይታይም፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ቪዲዮ ሬንደር እያደረጉ ጭምር ይፈትሹ። የኬዙን ማጣሪያ ከአቧራ ያጽዱ፤ ከተቻለም አንድ ማራገቢያ ወደ ራሙ ያዙሩ።

በ3200 ከረጋ፣ ቮልቴጁን በ1.35 ትተው ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ያሳድጉ፤ ስህተት ሲመጣ ብቻ በ0.02 ቮልት ይጨምሩ። በ3200ም ካልረጋ ግን ራሞቹን አንድ በአንድ ለየብቻ ይፈትሹ፤ ብቻውን ሆኖ ስህተት የሚያሳየውን ይቀይሩት።