በባልዲና በሻንጣ መድረክ መውጣት ይቻላል ወይ ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ጊታር፣ ባስ ጊታርና ድምፃዊ አላችሁ፤ ድራም ግን የላችሁም። ባልዲ፣ ድስትና አሮጌ ሻንጣ አሰባስባችሁ ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ድምፁ ደስ ብሏችኋል። አሁን የመጀመሪያውን የአዳራሽ ዝግጅት ስታስቡ «ይሰማልናል ወይስ መሳቂያ እንሆናለን?» የሚል ስጋት ይዟችኋል። «ገንዘብ አጠራቅማችሁ ትክክለኛውን ግዙ» የሚሉህን ለጊዜው ተዋቸው። እኔ እንደ እናንተ ባለች ትንሽ ባንድ ውስጥ ዓመታት በባልዲና በሻንጣ ምት የያዝሁ ሰው ነኝ። እንዴት እንደሚመታ ታውቃለህ ብዬ አልፈዋለሁ፤ የምነግርህ ሌሎች የማይነግሩህን ነው።

1. ዕቃ መሰብሰብ አቁም። በዚህ መንገድ የጀመረ ሁሉ የሚያየውን ክዳንና ቆርቆሮ ሁሉ እያንኳኳ ማከማቸት ይወዳል፤ መጨረሻው መድረክ ሳይሆን የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ለአራት ሰው ባንድ ሦስት ድምፅ ይበቃል፦ አንድ ወፍራም፣ አንድ ደረቅና ስል፣ አንድ ሽ የሚል። ሻንጣ፣ ባልዲና ክዳን ማለት ነው። የቀረው ጌጥ ነው። የአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ የበዲ ሆሊ ባንድ ከበሮ መቺ ጄሪ አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ለአንድ ዘፈን ቀረጻ የመታው ካርቶን ነበር፤ ለሌላው ደግሞ የገዛ ጉልበቱን በመዳፉ ሲመታ ተቀርጿል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ይደመጣሉ። ሰውየው ደህና ድራም አጥቶ አይደለም፤ ዘፈኑ የሚፈልገው ድምፅ ያ ስለ ነበር ነው።

2. ከዕቃው ይልቅ ዕቃው የሚያርፍበትን ተመልከት። ከጽሑፌ አንድ ነገር ብቻ የምትወስድ ከሆነ ይህንን ውሰድ። ማንኛውም የሚመታ ነገር የሚጮኸው የሚንቀጠቀጠው ክፍል ነጻ ሲሆን ነው። ሰዎች ግን የሚንቀጠቀጠውን ክፍል ራሱን ወለል ላይ ይጫኑትና «ይህ ባልዲ ድምፅ የለውም» ይላሉ። 20 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ደፍተህ ምንጣፍ ላይ ብታስቀምጠው አየሩ ታፍኖ ይቀራል፤ የሚሰማህ የፕላስቲኩ ጠቅታ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ከንፈሩን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ምታው፤ ወፍራሙ ድምፅ በዚያች ክፍተት ሲወጣ ትሰማዋለህ። በጎዳና ላይ ባልዲ የሚመቱ ሰዎች ጠርዙን በጫማቸው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ አይተህ ይሆናል። ለታይታ አይደለም፤ በዚያ ነው ድምፁን የሚቀያይሩት።

ድስትም እንዲሁ ነው። አፉን ወደ ላይ አድርገህ የመቀመጫውን መሃል በትንሽ ስፖንጅ ላይ አሳርፈው፤ ከንፈሩ ምንም አይንካው፤ ምቱም ከንፈሩ ላይ ይሁን። ክዳን ከሆነ እጀታውን ፈትተህ በቀዳዳው በኩል ሽቦ ወይም ብሎን አሳልፍለት፤ ከላይም ከታችም ወፍራም ጨርቅ አድርግለት፤ ብሎኑን ግን አታጥብቀው። የእንጨት ጣውላ ወይም የብረት ቱቦ ለመምታት ካሰብህ ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ ደግፈው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ቢሆን ከየጫፉ 22 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እነዚያ ሁለት ነጥቦች ጣውላው ሲንቀጠቀጥ የማይንቀሳቀሱ ቦታዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ድጋፉ ድምፁን አይውጠውም። መሃሉን ብትደግፈው ግን ከእንጨት ፍልጥ የተለየ ድምፅ አይሰጥህም።

3. ሻንጣው። ከአዲሶቹ ይልቅ አሮጌው፣ ከተጠቀጠቀ ካርቶን ወይም ከስስ ጣውላ የተሠራው ይሻላል። በጠርዙ አቁመህ ሰፊውን ፊት መሃሉ ላይ በእግር ፔዳል ምታው። ውስጡ አንድ ፎጣ አድርግ፤ የሚመታውን ፊት በስሱ የሚነካ እንጂ የሚደግፍ አይሁን። በጀርባው በኩል መዳፍ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ ብታበጅ ማይክሮፎኑ በዚያ ይገባል። ግን ከሻንጣ የማይገኝ ነገር አትጠብቅ። መጠኑ ትንሽ ስለ ሆነ የትልቁን የባስ ድራም ጥልቀት አይሰጥህም። ለዚህ መድኃኒቱ የባስ ጊታር ተጫዋችህ ነው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ወደ 41 ሄርዝ ይወርዳል፤ ልጁ ኖታውን ከእግርህ ምት ጋር እኩል ከጣለው አድማጭ ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ሻንጣው ጠርዙን፣ ባሱ ሆዱን ይሰጣል። እኛ ከሌላው ልምምድ ሁሉ የበለጠ ጊዜ የሰጠነው ለዚህ ነው፤ ዛሬም ሰው «ያ ሻንጣ እንዴት እንዲህ ይመታል?» ሲለን ከባሲስታችን ጋር ተያይተን እንስቃለን።

4. ስለ አዳራሹ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ።

በአንድ አዳራሽ እንድንጫወት ተጋብዘን ሄድን። በሩ ላይ ጥበቃው ድስቱን አይቶ «ማብሰያ ዕቃ አይገባም» አለን። የሙዚቃ መሣሪያ ነው ስንለው ወደ አስተዳደር ቢሮ ላከን። የቢሮው ኃላፊ ከወንበሩ ሳይነሣ ባልዲውን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ «መሣሪያችሁ የታለ?» ሲል ጠየቀ። ይኸው አልነው። «ይሄማ የጽዳት ዕቃ ነው» አለና ቅጹን አወጣ። ቅጹ ላይ ጊታር አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ድራም አለ፤ ባልዲ የለም። ድራም በለው ብንለው «ያላየሁትን አልፈርምም» አለ። ጊታሪስታችን ከሁላችንም ትዕግሥተኛው ስለ ሆነ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አግባባው፤ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ ተፈረመልን። ባልዲ ለመምታት ማኅተም ያስመታ ሙዚቀኛ አታገኝም፤ እኔ ግን አለሁ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። መድረክ ላይ ዘርግተን ድምፅ ፈተሽን፤ ግሩም ነበር። ልብስ ለመቀየር ገባን። በዚያ መሃል ያው ሰው መድረኩን ሊያይ ወጥቶ «ይህ ሁሉ ቆሻሻ ምንድን ነው?» ብሎ አስጠርጓል። ቆሻሻ የተባለው ምን ይመስልሃል? የባልዲውን ከንፈር ከፍ የሚያደርጉት የእንጨት ሽብልቆች፣ የድስቱ ስፖንጅ፣ የሻንጣው ማቆሚያ ጎማዎች። ዕቃዎቹን አልነኩም፤ እንዲያውም አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው በሥርዓት አስቀምጠውልናል! ስንወጣ መጋረጃው ተከፍቷል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ባልዲው ምንጣፉ ላይ ልጥፍ ብሏል።

የመጀመሪያው ምት ትራስ የመታሁ ያህል ታፍኖ ቀረ። ባሲስቱ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ጫማዬን በባልዲው ግራና ቀኝ አስገብቼ ከንፈሩን በእግሮቼ ጨምቄ አነሣሁትና እንደዚያው ይዤ መታሁ። ፔዳል የሚረግጥ እግር ስላልቀረኝ የሻንጣውን ምት ባሲስቱ ክሩን በመዳፉ እያፈነ ያዘልኝ። ድስቱን ተውነው። የድምፅ ባለሙያው በኋላ መጥቶ «ከፈተሻው ይልቅ ለስለስ ማለታችሁ አስባችሁበት ነው?» አለን። አዎ አልነው። ምን እንበል?

ኃላፊው ግን ሲያሰናብተን ምን አለ? «ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ትክክለኛ መሣሪያ ይዛችሁ ኑ።» አልቻልሁም። የትሪኒዳድ ሰዎች ቅኝ ገዥዎች ከበሮአቸውን ሲከለክሏቸው በቀርከሃ መምታታቸውን፣ ከዚያም በብረት ጣሳና በነዳጅ በርሜል ኖታ ማውጣታቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ያንኑ በርሜል ይዘው ለንደን በተካሄደው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ መጫወታቸውን ነገርሁት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦገስት 11ን የዓለም የስቲልፓን፣ ማለትም የዚያ የበርሜል መሣሪያ፣ ቀን ብሎ መሰየሙንም ጨመርሁለት። ካሆን የሚባለው የፔሩ የሣጥን ከበሮ መነሻው የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን እንደ ነበር፣ ዛሬ በየሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ እንደሚሸጥም እንዲሁ። ሰዓቱን አየ። ያም ሆኖ መናገሬ አልቆጨኝም።

ከዚያ ወዲህ የምናደርገውን ልንገርህ፤ አንተ ከመጀመሪያው አድርገው። ሽብልቁንም ስፖንጁንም ጎማውንም ሁሉ በአንድ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ በብሎን አሠርን፤ ሰሌዳውን ጥቁር ቀባነው። ባልዲው በቦታው ይገባል፣ ሻንጣው በቦታው ይቆማል፤ ማንም ቆሻሻ መስሎት አያነሣውም፣ አንድ ሰውም ተሸክሞት ይወጣል። ለአዳራሾችም አስቀድመን የዕቃ ዝርዝር ከፎቶግራፍ ጋር እንልካለን። ዝርዝሩ ላይ «ባልዲ» ብለህ አትጻፍ፤ «የምት መሣሪያ፣ ከነመቆሚያው» በል። ውሸት አይደለም፤ ቢሮ የሚገባው ቋንቋ ነው። የተፈረመበትን ቅጂም ኪስህ ውስጥ ያዝ።

የቁጥሬን ተራ ረሳሁት፤ የቀረውን እንዲሁ ልጨርስ። ማይክሮፎን ሁለት ይበቃሃል፤ አንዱ የሻንጣው ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላው ከባልዲውና ከክዳኑ በላይ። ድምፃውያን የሚይዙት ዓይነት፣ ከአንድ አቅጣጫ የሚቀበል ማይክሮፎን ወደ ምንጩ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ ስለዚህ ለሻንጣው አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠጋው። ርካሽ ነው ብለህ ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ፒየዞ የተባለ ንዝረት ተቀባይ ከመረጥህ በቀጥታ ከድምፅ ማደባለቂያው (ሚክሰሩ) የማይክሮፎን መግቢያ ጋር አታገናኘው፤ ወፍራሙ ድምፅ ተበልቶ ቀጭን ንዝረት ብቻ ይቀርሃል። ለጊታር በተሠራ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው አንድ ሜጋኦም ገደማ በሆነ መግቢያ ወይም በፕሪአምፕሊፋየር (ከሚክሰሩ በፊት በሚገባ ማጉያ) በኩል አሳልፈው። የድምፅ ባለሙያው ቢያላግጥብህም ይህን ቁጥር ስትነግረው ፊቱ ይለወጣል፤ አይቼዋለሁ።

የድራም ዱላ በፕላስቲክ ላይ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለህ ተጠቀም፤ ባልዲው ቶሎ አይሰነጠቅም። ለዝግተኛ ዘፈኖች ከመጥረጊያ ጭራሮ የታሠረ ብሩሽ ከተገዛው አይተናነስም። ስኔር እንደሚባለው ድራም ዓይነት የሚንሿሿ ድምፅ ካማረህ አሮጌ የጊታር ክሮች ከካርቶን ወይም ከሣጥን ገጽ በስተውስጥ በስሱ እንዲነኩ አድርገህ ወጥራቸው።

ጆሮህን ግን ጠብቅ። ድስት ከፊትህ ሲመታ ከድራም የሚያንስ አይደለም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሥራ ቦታ ያወጣው ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀርሃል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትለማመዱ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ፤ ለድምፃዊውም ስጡት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርግ። ከጋዝ ሲሊንደር የተሠራ ጎድጓዳ የብረት ከበሮ በቪዲዮ አይተህ ቤትህ ያለውን ለመቁረጥ እንዳታስብ። ባዶ የመሰለ ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ጋዝ በመቁረጫ ብልጭታ ይፈነዳል። ኬሚካል የነበረበት በርሜልም እንዲሁ ነው፤ ታጥቦ እንኳ አትመነው። የብረት ድምፅ ካስፈለገህ ሰፊ የብረት ጎድጓዳ ሳህን በስፖንጁ ላይ አስቀምጠህ ጥቂት ውኃ ጨምርበት፤ እየመታህ ዘንበል ስታደርገው ድምፁ እየቀጠነና እየወፈረ ይሄዳል፤ ለአንድ ዘፈን መግቢያ ይበቃችኋል።