ጥያቄና መልስ፦ ለትምህርት ኢስታንቡል የገባች እኅት ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ቅዳሴ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ኢስታንቡል ከመጣሁ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። የማድረው በተማሪዎች ማደሪያ ከሦስት ሙስሊም ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። በመጀመሪያው ረቡዕ በመመገቢያ አዳራሹ የምስር ሾርባ ነው ብዬ ከጠጣሁ በኋላ ቅቤ እንደተጨመረበት ሰማሁ፤ ጾሜን ሽሬአለሁ? እናቴ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የከተተችልኝን ነጠላ አውጥቼ መጸለይ ስለማፍር፣ መብራት ሲጠፋ በብርድ ልብስ ተሸፍኜ በልቤ ብቻ እጸልያለሁ፤ ይህስ ጸሎት ይባላል? የእኛን ቤተ ክርስቲያን እስካሁን አላገኘሁም። ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ማስቀደስና መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ ስለ ጾምሽ መጨነቅሽ በራሱ እምነትሽን ከሻንጣሽ ጋር ይዘሽ እንደሄድሽ ያሳያል።

ስለ ሾርባው አትረበሺ። ሳያውቁ መብላትና እያወቁ ጾምን መናቅ አንድ አይደሉም። «አቤቱ ይቅር በለኝ» ብለሽ የዕለቱን ጾም መቀጠል እንጂ፣ «አንዴ ተሽሯል» ብሎ የቀረውን ቀን መብላት አይገባም፤ ብዙዎችን የሚጥላቸውም የመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ከዚህ በኋላ ግን በአገሩ ቋንቋ «ሥጋ አለው ወይ? ቅቤ አለው ወይ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉ አስቀድመሽ ተማሪ። በቱርክ ማዕድ በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ የባቄላ፣ የፎሶሊያና የወይን ቅጠል ምግቦች ስላሉ፣ ጠይቆ ለሚበላ ሰው ጾሙ ከባድ አይሆንም። የትምህርቱ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመቆየት የማያመችሽ ከሆነ፣ ሰዓቱን በራስሽ ከመቀነስ ይልቅ የንስሐ አባትሽ እንዲወስኑልሽ አድርጊ።

መጠየቅን አጥብቄ የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ወደ ባቢሎን የተወሰዱት የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ ነበር፤ እንደ አንቺ ተማሪዎች ነበሩ ማለት ነው። የንጉሡ ማዕድ በቀረበ ጊዜ ዳንኤል ተደብቆ አልጣለውም፣ ከአሳላፊውም ጋር አልተጣላም፤ አለቃውን በትሕትና ለመነ፣ ለአሥር ቀንም ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጧቸው ጠየቀ። ይህን ታሪክ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጽናቱ ነው፤ እኔ ግን ልመናው ከጽናቱ እኩል ሊታይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ለጸሎትሽም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። በብርድ ልብስ ውስጥ የጸለይሽውን እግዚአብሔር አልሰማም አልልሽም፤ ሐና በልቧ ስትናገር ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፣ ልመናዋ ግን ተሰማ። ነገር ግን የሐና ዝምታ ከኀዘንዋ ጽናት የመጣ ነው፤ የአንቺው ከኀፍረት ስለሆነ ቀስ በቀስ ጸሎቱን ራሱን እንዳያስተውሽ እፈራለሁ። ጌታችን «ወደ እልፍኝህ ግባ» ያለው ለታይታ የሚጸልየውን ሰው ለማረም ነው እንጂ፣ የሚያፍረውን ለመሸሸግ አይደለም። ስለዚህ ጓደኞችሽን አንድ ቀን ሻይ ስትጠጡ በግልጽ ንገሪያቸው፤ «ጠዋት ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሜ እጸልያለሁ፣ ፊቴንም ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ» በዪ። የጸሎት ሰዓትን፣ አቅጣጫንና ራስ መሸፈንን ከቤታቸው የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ፣ ከብዙዎች ይልቅ ይረዱሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ ነጠላሽን አውጪ። በርበሬው ሸቶት ከሆነም አጥበሽ ከአልጋሽ ራስጌ ስቀዪው። አቡነ ዘበሰማያትን፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያምና ጸሎተ ሃይማኖትን አድርሺ፤ ጊዜ ሲተርፍሽ ዳዊት ጨምሪበት። ከስልክ ማንበብም ነውር የለበትም፤ መልእክት እንዳይገባ ኢንተርኔቱን ዝጊው እንጂ።

ጸሎተ ሃይማኖትን ስታደርሺ ደግሞ የት እንደቆምሽ አስቢ። «ወነአምን በመንፈስ ቅዱስ እግዚእ ማሕየዊ ዘሠረጸ እምአብ» የሚለውን፣ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት የካደውን መቅዶንዮስን ያወገዙት መቶ ሃምሳው ሊቃውንት የመሰከሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ፣ ማለትም አሁን በምትማሪባት ከተማ ነው። ሠለስቱ ምእት የሚባሉት ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት በ325 ዓ.ም. የተሰበሰቡባት ኒቅያም፣ በ431 ዓ.ም. ጉባኤ የተደረገባት ኤፌሶንም በዚያው አገር ናቸው። በቅዳሴው የምናመሰግንበት ዮሐንስ አፈወርቅ የዚህች ከተማ ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ እርሱም ከአንጾኪያ የመጣ እንግዳ ነበረ፣ የሞተውም በስደት ነው። እንግዲህ ከተማዋ ለአንቺ አዲስ ብትሆንም፣ በየዕለቱ የምትደግሚው ቃል ግን ከዚያ የተነሣ ነው።

ወደ ቅዳሴው ጥያቄሽ ስመለስ፣ በኢስታንቡል ካሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ለይተሽ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ከባሕሩ ማዶ በጀልባ የሚሻገሩበት ካዲኮይ የሚባለው ሰፈር ጥንታዊው ኬልቄዶን ነው፤ በ451 ዓ.ም. በዚያ የተደረገውን፣ ክርስቶስን «ሁለት ባሕርይ» ያለውን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን አትቀበልም። መንበሩ በፈነር ሰፈር ያለው የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ያንን ጉባኤ የተቀበለ ስለሆነ፣ በአክብሮት ገብቶ ማየት ይቻላል፤ ሥጋ ወደሙን ግን በዚያ አትቀበዪም። የአርመንና የሶርያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ የሆኑ እኅቶቻችን ናቸው፤ የአርመን ፓትርያርክ መንበር በኩምካፒ ይገኛል፣ ሶርያውያንም በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት አሏቸው። በዚያ ብታስቀድሺ ቤትሽ እንደገባሽ ቍጠሪው። በሥርዓት የምንለያይበት መኖሩ አያስደንግጥሽ፤ ለምሳሌ አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት ጃንዋሪ 6 ቀን ያከብራሉ፣ የቍርባናቸውም ኅብስት ያልቦካ ነው። ለመቁረብ ግን በመጀመሪያ ከንስሐ አባትሽ ፈቃድ ተቀበዪ፣ ከዚያም ወደ ካህኑ ቀርበሽ ኢትዮጵያዊት ኦርቶዶክስ መሆንሽን ንገሪያቸው፤ ዝም ብለሽ ሰልፍ ውስጥ አትግቢ። በዚያ ስትመላለሺም በከተማው ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መጠየቅ አትርሺ፤ ወገኖችሽ ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቦታ ካለ ከእነርሱ ትሰሚያለሽ።

የኢስታንቡል ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ፣ የንስሐ አባትሽን ከኪዳን ሲወጡ ማግኘት አይቸግርሽም። የኅዳር 15ቱ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ደውዪላቸው፤ የሾርባውን፣ የትምህርት ሰዓትሽንና የቅዳሴውን ነገር በአንድ ጊዜ ይጨርሱልሻል።