ራዳር፣ ጂፒኤስ፣ መጋዝ፦ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልስ

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ ጋራዥ ደጅ ወይ አናጢዎቹ ጋ ጥያቄ አያጣኝም። ባለፈው ሳምንት ስለ ራዳር፣ ስለ መኪና መከታተያና ስለ መቁረጫ ዕቃዎች፣ ፓተንታቸውንም (የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸውን) ጨምሮ፣ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሶቹ እነሆ።

የሚኒባስ ሹፌር፦ መምህር፣ የትራፊኩ ራዳር ፍጥነቴን በምን ያውቃል? ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ዕቃ አለ የሚባለውስ ይሠራል?

ገደል አፋፍ ላይ ስትጮህ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣል አይደል? ራዳርም እንደዚያው ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ መኪናህ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ወደ መሣሪያው እየመጣህ ከሆነ የሚመለሰው ሞገድ ይጠጋጋል። ይህን ለውጥ ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ነው ያስረዳው። ብዙ የእጅ ራዳሮች በሴኮንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ይጠቀማሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በዚያ ላይ በሴኮንድ 2,700 ያህል ይጨመራል። መሣሪያው የሚቆጥረው ይህችን ጭማሪ ነው። ጎን ቆሞ በሰያፍ ካነጣጠረብህ ደግሞ ፍጥነትህን ዝቅ አድርጎ ያነባል። በ20 ዲግሪ ሰያፍ 80 የነዳ ሰው 75 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ «ጎን ቆሞ አበዛብኝ» የሚለው ክርክር አያዋጣም።

አስጠንቃቂው ዕቃ ይሠራል። የራዳሩ ሞገድ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ ይደክማል፤ ያንተ ዕቃ የሚሰማው የመሄጃውን ብቻ ስለሆነ ከሩቅ ይይዘዋል። ግን ትራፊኩ መሣሪያውን ያበራው አንተ ላይ ካነጣጠረ በኋላ ከሆነ፣ ዕቃህ ሲጮህ ፍጥነትህ ተነቦ አልቋል። ገንዘብህን አታባክን። በግቤ ቁልቁለት የሚያስፈልግህ ማርሽ ቀንሶ መውረድ ነው። አንተ መኪና ውስጥ የእኔም ተማሪዎች ይሳፈራሉ።

የምህንድስና ተማሪ፦ ራዳርን የፈለሰፈው ዋትሰን-ዋት ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

በከፊል። ሮበርት ዋትሰን-ዋት እ.ኤ.አ. በ1935 አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ እንደሚታወቅ በእንግሊዝ አሳይቷል። ከዚያ 31 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ጀርመናዊው ክርስቲያን ሁልስማየር በ1904 ፓተንት አውጥቷል። መሣሪያውን «ቴሌሞቢሎስኮፕ» አለው። በኮሎኝ ከተማ፣ የራይን ወንዝ ድልድይ ላይ ሆኖ የምትመጣ መርከብ ሲለይ ደወል አስጮኸ። ሰው ተደነቀ፤ የገዛው ግን አልነበረም። የባሕር ኃይሉም የመርከብ ድርጅቶቹም ፊት ነሱት። ይህ ታሪክ ሁሌ ያሳዝነኛል። ፓተንት መብት ይሰጣል እንጂ ገዢ አያመጣም።

ቡና ነጋዴ፣ አይሱዙ ያላት፦ ጂፒኤስ ላስገጥም ነው። ሳተላይቱ መኪናዬን ያያታል? ሌባ ቢነቅለውስ?

እህቴ፣ ሳተላይቱ ስለ መኪናሽ የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ወደ ምድር መናገር ብቻ ነው ሥራው። መኪናሽ ላይ ያለው ዕቃ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች ሰምቶ የት እንዳለ ራሱ ያሰላል። ከዚያ ውስጡ ባለው ሲም ካርድ ወደ ስልክሽ ይልካል። ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ዝም ቢልሽ አትደንግጪ። ጥሩው ዕቃ መንገዱን መዝግቦ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ስትገዢ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ መዝግቦ ይይዛል ወይ? የራሱ ባትሪ አለው ወይ? ሌባ መጀመሪያ የሚነቅለው የመኪናውን ባትሪ ነው። በብረት ሥርም አታስቀብሪው፤ ሰማይ ካልታየው አይሰማም።

ከጂፒኤስ በፊት የነበረው ዘዴ ሌላ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሬገን እ.ኤ.አ. በ1979 ፓተንት ያወጣበት፣ በኋላ ሎጃክ የተባለው፣ መኪና ውስጥ የሚደበቅ ሬዲዮ ነበር። መኪናዋ ተሰረቀች ሲባል ይነቃል፣ ፖሊስ ምልክቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሰማይ ማየት ስለማያስፈልገው ጋራዥ ውስጥም ይሠራል።

አናጢ፦ የሞተር መጋዜ ዋንዛ ስቆርጥ ወደ ግራ ይጎትታል። ሰንሰለቱ ነው ወይስ ሞተሩ?

ሰንሰለቱ ይመስለኛል። ጥርሶቹን እያቸው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ነው። የአንዱን ወገን አብዝተህ ከሞረድከው ወይም የአንዱ ወገን ከደነዘዘ መጋዙ ጥርሱ ረጅም ወይም ስል ወደሆነው ወገን ይሄዳል። ሁሉንም ጥርስ እኩል ጊዜ ሞርድ፤ ሦስት ከሆነ ሦስት። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው፣ ስትመልሰው አንሳው። ፍርፋሪ ሳይሆን እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ካየህ ደንዝዟል ማለት ነው።

የዚህ ጥርስ አመጣጥ በጣም ደስ ይለኛል። ጆ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ እ.ኤ.አ. በ1946 ዛፍ የሚበላ የጥንዚዛ እጭ አየ። እጩ እንጨቱን ወደ ግራና ቀኝ እየሄደ ይልጠዋል። ኮክስ መንጋጋውን በብረት ቀዳ። ዛሬ ያንተ መጋዝ ላይ ያለው ቅርጽ ከዚያ የመጣ ነው፤ ፓተንቱም ካለቀ ቆይቷል።

የብየዳ ባለሙያ፦ የውጭ ፓተንት ያለውን ዕቃ አይቼ ብሠራ እከሰሳለሁ?

ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካልተመዘገበ እዚህ ሠርተህ መሸጥ ትችላለህ፤ ወደተመዘገበበት አገር መላክ ግን አትችልም። የንግድ ምልክቱን መለጠፍም ሌላ ጥፋት ነው።

ሌላ አናጢ፦ የበርጩማ እግር በእኩል ሰያፍ ለመቁረጥ እንጨቱን የሚይዝ ማሰሪያ ሠርቻለሁ። ቀላል ነገር ነው። ፓተንት ይገባዋል?

«ቀላል» አትበለው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ኦካዳ እ.ኤ.አ. በ1956 የከተር ምላጭ ላይ፣ የደነዘዘው ጫፍ ተሰብሮ አዲስ ስለት እንዲወጣ፣ የመሰበሪያ መስመር ነው ያሰመረው፤ ሐሳቡን ያገኘው ከቸኮሌትና ከተሰበረ መስታወት ነው። ዛሬ የማይጠቀምበት ሱቅ የለም። የእኛም ሕግ ላንተ ዓይነቱ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል ቦታ አለው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ነው። ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፣ እዚሁ በሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ 5 ዓመት ነው፣ እሱም ይታደሳል። የሚያመለክቱት አዲስ አበባ፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ነው።

ከማመልከትህ በፊት ግን ለማንም አታሳይ፣ ቲክቶክ ላይም አትልቀቀው። ቅዳሜ ከሰዓት ማሰሪያውን በጆንያ ጠቅልለህ ና። የማመልከቻውን ሥዕል አብረን እንሠራለን።