መልስ፦ ጠበል የጀመረች ታማሚ መድኃኒቷን ታቁም ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ያለችው እህትዎ ጠበል ስትጀምር የአእምሮ ሕመም መድኃኒቷን እንድታቆም ዘመዶች እንደመከሯት ገልጸው፣ ይህንን ለሐኪሟ መናገር ያሳፍር እንደሆነ ጠይቀዋል።

ፈጽሞ አያሳፍርም፤ ሊነገረው የሚገባ ጉዳይ ነው። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም፣ ታማሚው ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ መንስኤው ምን እንደሚመስለውና ከዚህ በፊት የት እርዳታ እንደፈለገ ሐኪሙ የሚጠይቅባቸውን 16 ጥያቄዎች ይዟል። መልሱ «ዛር» ወይም «ቡዳ» ቢሆን እንኳ፣ ጥሩ ሐኪም አይንቀውም፤ ቤተሰቡ ለምን ወደ ጠበል እንደሄደ ይረዳበታል እንጂ።

መድኃኒቱ ግን በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። በተለይ ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ (ይህን ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው አጥብቄ እናገራለሁ) ውኃ ሳይጠጡ መጾም በደሟ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ወደ መርዛማነት ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ጾሙ ሳይጀመር ሐኪሟን ያማክሩ።

የንስሐ አባቷንም ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል ይችላሉና፣ «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ተጠመቂ» የሚለው ቃል ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ በቤታችን ይበልጥ ይሰማል። ለቀጣዩ ቀጠሮ አብረዋት ይሂዱ፤ የጠበሉንም ሰዓት ለሐኪሟ ይንገሩት።