የአባቴ ፕሮስቴት 95 ግራም ነው፤ በየትኛው ይሠራላቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፈው ከጅማ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ሽንት ድንገት እምቢ ብሏቸው ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ከገባላቸው ወር አለፈ። ታምሱሎሲን የሚባለውን ሽንት የሚያቀል መድኃኒት እየዋጡ ቱቦው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ማታውኑ ተመልሰን ሄድን። በአልትራሳውንድ ፕሮስቴታቸው 95 ግራም ነው ተባለ። ሐኪሙ ሆድ ተከፍቶ ይወጣል አሉን። አጎቴ ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ሳይቀደድ ተሠርቶለት በሦስተኛው ቀን ቤቱ ገባ ይላል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። አባቴም የሽንት ከረጢቱን በጋቢ ሸፍነው ቤት ውለዋል፤ ለቅሶ መድረስ እንኳ ትተዋል። የቱ ይሻላል? ለመጠየቅ ባፍርም፣ ወንድነታቸውንስ ይነካል?

መልስ፦ መጀመሪያ አጎትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የጓደኛቸው ፕሮስቴት ስንት ግራም ነበር? 50 ከነበረ፣ ከአባትዎ ጋር የሚያወዳድረው ነገር የለም።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ ያለ የወንዶች ዕጢ ነው፤ ጤነኛው 20 ግራም አካባቢ ነው። አጎትዎ የሰሙት ቲዩአርፒ የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያው በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ ያደገውን ሥጋ በኤሌክትሪክ እየላጠ ያወጣል። እስከ 80 ግራም ገደማ ላለው እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግን ሥራው ይረዝማል። ከአንድ ሰዓት በላይ በሄደ ቁጥር የሚፈሰው ደምና ወደ ሰውነት የሚሰርገው ማጠቢያ ውሃ ይጨምራል።

አቮካዶ ያስቡ። ቲዩአርፒ በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ጥቂት እየፋቁ እንደማውጣት ነው። በክፍት ኦፕራሲዮን ከእምብርት በታች ተቀዶ፣ ሐኪሙ በጣቱ ሥጋውን ከልጣጩ አላቆ ባንዴ ያወጣዋል። አዎ፣ በጣት። ቁስል አለው፤ የሚፈሰው ደም ስለሚበዛ ደም ተዘጋጅቶ ይጠበቃል፤ ካቴተሩም ሳምንት ገደማ ይቆያል። በቲዩአርፒ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ግን ጠርጎ ስለሚያወጣ፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው። "ድሮ ቀረ" የሚሉትን አይስሟቸው።

ትልቁን ዕጢ ሳይቀዱ በሌዘር ፈልፍሎ ማውጣትም አለ። ደሙ ያንሳል፣ ካቴተሩ ቶሎ ይወጣል። መሣሪያውና እጁን ያፍታታ ሐኪም ካሉ ጥሩ ነው። ለሱ ብላችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመጓዛችሁ በፊት ግን ደውላችሁ አረጋግጡ።

ወንድነትን በተመለከተ፣ ማፈር አያስፈልግም፤ ሁሉም በልቡ የሚጠይቀው ነው። መቆም የነበረው ብዙውን ጊዜ እንደነበረው ይቀጥላል። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው። ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይመለስና ከሽንት ጋር ይወጣል። ይህ በሦስቱም መንገድ በብዙዎች ላይ ይደርሳል፤ ጉዳት የለውም። ልጅ መውለድ ለሚፈልግ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኩላሊታቸውና ሽንታቸው ይመርመር። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። የወጣውም ሥጋ ለካንሰር ይመርመር። ልጣጩ ስለሚቀር "ፕሮስቴቴ ወጥቷል" ብሎ ከክትትል መቅረት አይቻልም።

በኋላ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ሲያዩ አይደንግጡ፤ ውሃ እየገባ ይታጠባል፣ ቀስ በቀስ ይጠራል። የደም ጓል ከዘጋው ግን ነርሷን ይጥሩ። የቡና ጆንያ መሸከም ለስድስት ሳምንት ክልክል ነው።

እስከዚያው ከረጢቱ ከወገብ በታች ይሁን፤ ባጃጅ ውስጥም ጭናቸው ላይ አያስቀምጡት። ሽንቱ ቆሞ ሆዳቸው ከተነፋ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። እግር ላይ የሚታሰር ትንሽ ከረጢትም አለ። ከሱሪ ሥር አይታይም። እሱን ይግዙላቸውና ለቅሶ ይድረሱ።